«ሞቼ በተገላገልኩ» አባባል ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሥራ ካቆመ ወዲህ «ሞቼ በተገላገልኩ» ማለት ያበዛል። ቤተሰቡ «ሁላችንም እንላለን፣ የአማርኛ ወግ ነው፤ ደግሞ ሊሞት ያሰበ ሰው አይናገርም» ይለኛል። እውነት አባባል ብቻ ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው እህቴ። አማርኛችን ከሞት ጋር አጉል ተላምዷል። እንግዳ አንድ እንዲጎርስልን «ስሞት!» እንላለን፣ «አፈር ስሆን» ብለን እንለምናለን፣ በሳቅ እንሞታለን። «ስሞት» የሚል ሰው ግን ሐሳቡ ያለው እንግዳው ላይ ነው። የሚያወራው ስለ ጉርሻው እንጂ ስለ ሞቱ አይደለም።

«ሞቼ በተገላገልኩ» ላይ የሚለመን ሰው የለም። «ምነው በሆነልኝ» እንደሚባለው የምኞት አነጋገር ነው። «ተገላገለ» ደግሞ ከባድ ነገር ለወረደለት ሰው የሚባል ነው፤ የወለደች ሴት ተገላገለች ትባላለች፣ ሁለት ሰው ሲደባደብ መሀል የሚገባውም ገላጋይ ነው። እንግዲህ ቃሉን ካመንነው ወንድምሽ ከሁሉ በላይ የናፈቀው እረፍት ነው። የአእምሮ ሐኪሞችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም፦ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ውስጥ ብዙ ጊዜ መኖርና መሞት ይሟገታሉ። «አንዴ ከቆረጠ ማንም አይመልሰውም» የሚባለው ስህተት የሆነውም ለዚህ ነው።

በሰዋስው ብቻ ግን ሰው አይመረመርም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የተገተረ ሰውም እንዲሁ ሊል ይችላል፣ ታክሲው ሲመጣ ይረሳዋል። ወንድምሽ ግን ይደጋግመዋል። «ሸክም ሆንኩባችሁ» ይላል? እንቅልፉና ምግቡስ? ከጓደኞቹ ሸሽቷል? የሚወደውን ዕቃ ማደል ጀምሯል? ተጨንቆ ከርሞ ድንገት ረጋ ቢልም «ተሻለው» ብለሽ አትዘናጊ።

«ሊሞት ያሰበ አይናገርም» የሚለውን «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» ከሚለው ተረት የወረስነው ይመስለኛል። ለሰው አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ራሳቸውን ካጠፉት ብዙዎቹ አስቀድመው በቃል ወይም በአድራጎት ፍንጭ ሰጥተዋል። ችግሩ እኛ የምንመልሰው ነው፦ «በስመ አብ! ክፉ አትናገር!» በፍቅር ነው የምንለው፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ ሁለተኛ አያወራም፣ ሐሳቡ ደግሞ የትም አልሄደም።

ጠይቂው። «እንዲህ ዓይነት ነገር አታስብም አይደል?» አትበዪው፤ «አይደል» መልሱን አብሮ የሚያጎርስ አጠያየቅ ነው፣ «አላስብም» ከማለት በቀር መውጫ አይሰጠውም። ብቻችሁን ስትሆኑ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። ነገሩን በስሙ ስለጠራሽው ሐሳቡ አይገባበትም፤ ይህ በጣም የተለመደ የተሳሳተ ፍራቻ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል።

«አዎ» ካለ አትቆጪው፣ ምክርም አታዥጎድጉጂበት። አድምጪው። ብቻውን አትተዪው፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከቤት አርቂ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። ጠበል እሄዳለሁ ካለም ይሂድ፣ ሕክምናውን ብቻ እንዳያቋርጥ።