መልስ፦ ያገለገለ ላንድክሩዘር ከመግዛቴ በፊት የት ልፈትሸው?
ወንድሜ፣ ሻጩ «ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ ንዳው» ካለህ አትስማማ። ሜዳ ላይ ሁሉም ይሄዳል። የሐረጎን ዳገት ይዘህ ወደ ደሴ ውጣ። መጀመሪያ ግን ሞተሩን እጅህን አስነክተህ እይ፤ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀህ ቀዝቃዛ አነሳሱን ሊደብቅህ ነው።

ያልከው የላንድክሩዘር ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ (1HZ)፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው ናፍጣ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ጉልበቱ ቢቀንስ፣ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አትደንግጥ። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት መብላቱ ነው። የሙቀት ቀስቱ ዳገቱ ላይ እየወጣ ከሄደ አሁኑኑ ተወው። ሲበርድ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ውሃው ላይ ዘይት ካየህ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ችግር ሊሆን ይችላል፤ ወጪው ቀላል አይደለም።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ። ፍሬኑ እየላላ ወይም ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ከመጣ ዋጋው ላይ ተከራከር።

ፎር ዊሉን ጠጠር መንገድ ላይ ሞክር፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተህ አትዙር፤ የፎር ዊሉን ማርሽ ሳጥን ይጎዳል። እኔ ያየኋት አንዷ ሪዶታ (የፎር ዊሉ ከባድ ማርሽ) ገብቶ ዳገት ስትይዝ ማርሹ ራሱ ዘሎ ይወጣ ነበር። ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅባትም።