ኪራዩ ስለረከሰ ነው ወይስ እግዚአብሔር መርቶኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ያደግሁት ስለ ሃይማኖት በማይወራበት ቤት ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየሁ። የድሬን ሙቀት ያውቁታል፤ ፍራሼን ግቢ አውጥቼ ስተኛ የማሕሌቱ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ቆይቶ ግን ድምፁ ሲጠፋ የምነቃ ሆንኩ። አንድ እሑድ አከራዬ ነጠላ አውሰውኝ አብሬያቸው ሄድኩ፣ ከዚያ ተማርኩ፣ ተጠመቅሁ። ጓደኛዬ ግን «አቦ ተይኝ፣ ኪራዩ ረክሶልሽ ገባሽ እንጂ እግዚአብሔር ምን አገባው!» ትለኛለች። እውነት እሱ ነው የመራኝ ወይስ እንዲሁ ገጠመኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ አልዋሸችም። ኪራዩ ረክሶ ነው የገባሽው፤ ደጅ ያስተኛሽም ሙቀቱ ነው። ስህተቷ «እንጂ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እግዚአብሔር ሰውን ሲመራ ኪራይ መርከስ የለበትም ያለው ማነው?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሀገራችን ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ሰግዶ በሠረገላ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው፣ በእጁ የኢሳይያስ መጽሐፍ አለ፣ እያነበበም አልገባውም። ፊልጶስ ደግሞ ሰማርያ ላይ ሕዝቡ እየሰማው፣ ሥራው እየተቃና ሳለ ወደ ጋዛ ወደሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ውረድ ተባለ። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ጃንደረባው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለው። እኔ ይህን ቃል እወደዋለሁ። የንግሥት ባለሟል፣ የግምጃ ቤቷ ሹም፣ አልገባኝም ለማለት አላፈረም። ፊልጶስን መንገድ ላይ ያወጣው እግዚአብሔር ነው፤ ሠረገላው ላይ ውጣና አብረኸኝ ተቀመጥ ያለው ግን ጃንደረባው ነው። አንቺም ድምፁን ሰምተሽ ትራስሽን ጆሮሽ ላይ መጫን ትችይ ነበር።

ፍሬምናጦስንም አስቢው። ልጅ ሳለ ከጢሮስ ከመምህሩና አብሮት ከሚማረው ከኤዴስዮስ ጋር በባሕር ሲጓዝ መርከባቸው ቀይ ባሕር ዳር ቆመ፣ የአካባቢው ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ዛፍ ሥር ሲያጠኑ አገኟቸውና አዝነውላቸው ለንጉሡ ሰጧቸው። ያን ቀን አንድ ሰው ቢጠይቀው «እግዚአብሔር መርቶኝ ነው» ይል ነበር? አይመስለኝም፣ መምህሩ ዓይኑ እያየ ነው የሞተው። ግድያውንም እግዚአብሔር ወደደው አልልሽም፤ ከዚያ ክፋት ግን በጎ ነገር አወጣ። ልጁ አክሱም ቤተ መንግሥት አደገ፣ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ መጸለያ ቦታ አሰጣቸው፣ በኋላ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ ላኩልን ቢል የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን እሱኑ ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። የንጉሥ ዒዛና ሳንቲም ላይ መጀመሪያ ጨረቃ ነበር፣ በኋላ መስቀል ሆነ።

መምራቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዞር ብለው ሲያዩት ነው። ጌታችንም «የላከኝ አብ ከሳበው በቀር ወደ እኔ ሊመጣ የሚችል የለም» ብሏል (ዮሐንስ 6፥44)። ይህ ለአንቺ ብቻ አይምሰልሽ። እኛ በ40 እና በ80 ቀናችን የተጠመቅነውም በእግራችን አልመጣንም፣ በሰው እቅፍ ነው የመጣነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ስትወጪ ያን ሁሉ ሕዝብ ጠይቂው። አንዱ የእናቱን ስለት ሊያደርስ ነው የመጣው፣ ሌላው ጎረቤት ጎትቶት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ባጃጅ ባመለጠሽ ቁጥር ምልክት አትፈልጊ፣ ያ ያደክማል። ለትልቅ ውሳኔ ጸልዪ፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ይበቃል። ከጓደኛሽም ጋር አትከራከሪ። ኪራዩ ርካሽ እንደነበር እመኝላት፣ ከዚያ ስለ ሌሊቱ ድምፅ ንገሪያት፣ የሰማሽውን ልክ እንደሰማሽው።

አከራይሽስ ያን እሑድ ነጠላቸው የት እንዳደረሰሽ ያውቃሉ? እሳቸው ምናልባት ነጠላ ማዋሳቸውን ረስተውታል። ዛሬ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ቁጭ በይና ንገሪያቸው።