ለአንድ ባሕርይ ስለምን ብዙ ሚዛን?

ውድ እህቴ፣

በድሬዳዋ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (አቶም በትስስር ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ የመሳብ ዝንባሌ) ቁጥር ከመጽሐፍ መጽሐፍ መለያየቱ ግራ እንዳጋባሽና «መለኪያው ባልተስማማ ሙያ ዕድሜዬን ላባክን ወይ?» በሚል ስጋት ቲዎሬቲካል (የንድፈ ሐሳብ) ኬሚስትሪን ለመምረጥ እያመነታሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። እኔ ግን ይህ ጭንቀትሽ ለሙያው እንደምትሆኚ ያሳየኛል።

ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ እንደ ሙቀት በመሣሪያ የሚነበብ አይደለም፤ ትርጉሙ አስቀድሞ ይወሰናል፣ ቁጥሩ ይከተላል። ሊነስ ፖሊንግ በ1932 እ.ኤ.አ. የተነሣው ከቦንድ (የአቶሞች ትስስር) ጥንካሬ ነበር፦ የሁለት የተለያዩ አቶሞች ቦንድ ከየራሳቸው ቦንዶች አማካይ በልጦ ሲገኝ፣ ከትርፉ የሁለቱን ልዩነት አሰላ። ሮበርት ሙሊከን በ1934 የአቶሙን አዮናይዜሽን ኢነርጂ (ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገውን ኢነርጂ) እና ኤሌክትሮን አፊኒቲ (ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀውን ኢነርጂ) ደምሮ ለሁለት አካፈለ። በ1978 ደግሞ ሮበርት ፓርና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን ኤሌክትሮን ሲጨመር ኢነርጂ ከሚቀንስበት ፍጥነት ጋር አንድ አደረጉት፤ የሙሊከን ቀመርም የዚህ ግምታዊ መልክ ሆኖ ተገኘ።

ናይትሮጅንን ተመልከቺ። በፖሊንግ ሚዛን 3.04 ሲሆን ሃይድሮጅን 2.20 ነው፤ በሙሊከን ቀመር ነጻ አቶሞቹን ብታሰዪ ግን ሁለቱም 7.2 ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ) ገደማ ይመጡልሻል። ምክንያቱም ለብቻው ያለ ናይትሮጅን ፒ ኦርቢታሎቹ (ውጪያዊ ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙባቸው ክፍሎች) እኩል በእኩል በግማሽ የሞሉ ስለሆኑ ተጨማሪ ኤሌክትሮን አይዝም፤ ቦንድ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ግን ሌላ ሁኔታ ላይ ነው። ሙሊከን ራሱም ስሌቱን ያቆመው ቫለንስ ስቴት በተባለው በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር። ስለዚህ ሚዛኖቹ እርስ በርስ አይካካዱም፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ይለያያል።

ሥራውን ዛሬውኑ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ሊኒየር አልጄብራና ኳንተም ሜካኒክስ አጥብቀሽ ያዢ፤ ፓይተን ተማሪ፤ ፓይኤስሲኤፍ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በላፕቶፕሽ ጭነሽ የክሎሪንን አቶም፣ ካታዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው) እና አናዮን (ኤሌክትሮን የተጨመረበት) ኢነርጂ አስዪ። ከልዩነቶቹ የሙሊከን ዋጋ 8.3 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሊወጣልሽ ይገባል። ለአናዮኑ ዲፊዩዝ ፈንክሽን (ከአቶሙ ራቅ ያለ ኤሌክትሮንን የሚገልጽ) የሌለው ቤዚስ ሴት (ስሌቱ ኤሌክትሮኖችን የሚገልጽባቸው ፈንክሽኖች ስብስብ) ከመረጥሽ አፊኒቲው ይበላሽብሻል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ከላቦራቶሪም እጅሽን አታውጪ፤ ንድፈ ሐሳቡ በአብዛኛው የሚያደርሰው ወደ ማስተማርና ምርምር ስለሆነ፣ እስከዚያው በከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል ሊያሠራሽ የሚችለው የትንተና ችሎታ ነው። ለማስተርስ አማካሪ ስትፈልጊ ደግሞ ያሰላሽውን ሠንጠረዥ ከማመልከቻሽ ጋር ላኪ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተጠቀምሽበትን ትርጉም ጽፈሽ።