ጠጥቶ ማሽከርከር በሜሪላንድ፦ ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ግን አልደብቅም።

ጥያቄ፦ የክስ ወረቀቴ ላይ ዲዩአይም (በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ማሽከርከር) ዲደብሊውአይም (በመጠጥ ተዳክሞ ማሽከርከር) ሰፍሯል። በአንድ ምሽት ሁለት ወንጀል?

መልስ፦ አብሮ መጻፉ የተለመደ ነው፤ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። በደምዎ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ፣ መኪናውን ቀጥ አድርገው ቢነዱም ዲዩአይ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 1 ዓመት እስራትና በመንጃ ፈቃድ ላይ 12 የቅጣት ነጥብ። ዲደብሊውአይ ከ0.07 ይነሳል፦ እስከ 2 ወር እስራትና 8 ነጥብ። ጠበቃዎ የሚደራደረው በአብዛኛው ከላይኛው ወደ ታችኛው ለማስወረድ ነው። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ይህ መውረጃ ደረጃ የለም።

ጥያቄ፦ መጠጥ አልቀመስኩም፤ ጫት ነው የቃምኩት።

መልስ፦ እኛ ጫትን እንደ ቡና እናየዋለን፤ ሕጉ እንደዚያ አያየውም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ምድብ ተከልክሏል። በዕፅ ተዳክሞ መንዳትም ራሱን የቻለ ክስ ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወስደው ከነዱም «ሐኪም አዞልኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነው የተያዝኩት።

መልስ፦ ሞተሩ በርቶ ነበር? በ1993 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ሞተር አጥፍቶ ሾፌር ወንበር ላይ የተኛን ሰው ነጻ አውጥቷል፤ መኪናውን መጠለያ አደረገው እንጂ አልነዳውም ብሎ። ለማሞቂያ ብለው ሞተሩን ካስነሱት ክርክሩ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የትንፋሽ አልኮል መለኪያውን አልነፋም ብልስ?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ 270 ቀን ይታገዳል። ነፍቶ 0.08 ወይም ከዚያ በላይ፣ ግን ከ0.15 በታች ከሆነ 180 ቀን ነው። እገዳው ከመጀመሩ በፊት አቤቱታዎ እንዲሰማ ከፈለጉ በ10 ቀን ውስጥ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ጥፋቴን አምኜ ዳኛው ፍርድ ሳይመዘግቡ በአመክሮ ለቀቁኝ። ለዜግነት ሳመለክት «አልተፈረደብኝም» ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ እንዳይሉ! ለሜሪላንድ ፍርድ አይደለም። ለኢሚግሬሽን ግን ጥፋትን ማመንና አመክሮ ሲደመሩ ፍርድ ሆነው ይቆጠራሉ። ማመልከቻው ደግሞ መታሰርዎንም ይጠይቃል። ከማመልከቻው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት የጠጥቶ ማሽከርከር ፍርድ ካለ፣ መልካም ሥነ ምግባር የለዎትም ከሚል ግምት ይነሳሉ። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማኅተም ያለበትን የውሳኔ ግልባጭ ያውጡና፣ ምንም ሳይፈርሙ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ።