ፀሐይ የማይፈራ ኢምፓሸንስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኢምፓሸንሴ ቀትር ላይ ጥውልግ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ኢምፓሸንስ? ኢምፓሸንስ የእንሶስላ ወገን የሆነ አበባ ነው፤ ከ1000 በላይ ዝርያ አለው። በብዛት የሚተከሉት ግን ጥቂት ናቸው። ዋለሪያና ጥላ ይወዳል፣ የቀትር ፀሐይ ይጠብሰዋል። የኒው ጊኒው ቅጠሉ ረዘም፣ አበባው ተለቅ ይላል፤ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ፀሐይ የማይፈራውን፣ ሰንፓሸንስ የሚባለውን፣ ያዳቀለው የጃፓኑ ሳካታ ኩባንያ ነው። ውኃ ካልጎደለበት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ዝርያውን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰንፓሸንስ ነው። ውኃ በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ አሁንም ይጠወልጋል።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ማታ ቀና ካለ የሙቀት ጉዳይ ነው፣ ተወው። ጠዋትም እንደጠወለገ ካደረ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ስደድ። ደረቅ ከሆነ አጠጣ። ረግረግ ካለ ግን ነቅለህ ሥሩን እይ። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ይሆናል፤ በጣትህ ሳብ ስታደርገው ልጣጩ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ ውኃ መጨመር መግደል ነው። አዲስ የተተከለ ሰንፓሸንስ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ቀንስ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከሥሩ። ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ!

ጥያቄ፦ የትኛው ቀለም ያምራል?

መልስ፦ የወደድሽው።

ሌላ አባል፦ ለፀሐይ ፔቱንያ የሚባል አበባ እያለ ምን አስጨነቃችሁ?

ሌላ አባል፦ ፔቱንያ የረገፈ አበባውን ስትለቅም ልትውል ነው? ኢምፓሸንስ ራሱን ያጸዳል።

ሌላ አባል፦ አዳዲሶቹ ፔቱንያዎች ለቀማ አይፈልጉም፣ ወንድሜ።

መልስ፦ የፔቱንያውን ክርክር ለብቻችሁ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የእኔ ዋለሪያና ነው። ቅጠሉ ገርጥቶ ወደ ታች ተቆለመመ።

መልስ፦ ቅጠሉን ገልብጪው። ጀርባው ላይ ነጭ ብናኝ የመሰለ ነገር ካለ ዳውኒ ሚልዲው የሚባል በሽታ ነው። ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ሌሊት ይወዳል። ቅጠሉም አበባውም ይረግፍና እርቃኑን የቀረ ግንድ ብቻ ታያለሽ። መድኃኒት አትፈልጊለት። ከነሥሩ ንቀዪ፣ ላስቲክ ውስጥ ቋጥረሽ ጣዪ፣ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሪ። በሽታው አፈር ውስጥ ይቆያልና እዚያው ቦታ ተራ ዋለሪያና አትመልሺ። የኒው ጊኒውና ሰንፓሸንስ ይቋቋሙታል። ዋለሪያና የግድ ካልሽ ቢከን ወይም ኢማራ ኤክስዲአር የተባሉትን ፈልጊ፤ ለዚሁ በሽታ ተብለው የተዳቀሉ ናቸው፣ ጥላ ግን ያስፈልጋቸዋል። ደግሜ እላለሁ፦ ቅጠል ላይ ውኃ አታፍስሱ።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለም።

መልስ፦ ናይትሮጅን አብዝተሻል። ማዳበሪያ አቁሚ።

ጥያቄ፦ የኔም ይጠወልጋል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ዝርያው? አፈሩ ደረቅ ነው እርጥብ? ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ከሰንፓሸንስ ዘር መሰብሰብ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ በግንድ ቁራጭ ነው የሚራባው። የባለቤትነት መብት ስላለው አራብቶ መሸጥ ክልክል መሆኑን እወቁ። በዘር ማብቀል ከፈለጋችሁ ዋለሪያና ይሻላችኋል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። አፈር አታልብሱት፤ ጫን ጫን አድርጋችሁ እርጥበቱን ጠብቁ። ዘር የምትለቅሙም ፍሬው ሳይፈነዳ ድረሱበት። አንዴ ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትነዋል፤ ቀድማችሁ በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኑት።