ዱባይ ኩፍ ያለ ፓንኬክ አዲስ አበባ ለምን ይሰምጣል? የሰሞኑ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ቁርስ ከጻፍኩ ወዲህ ስልኬ በሊጥ ፎቶ ተሞልቷል። ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ የሆነ ፓንኬክ፣ ማሽን ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ዋፍል፣ እንደ አሮጌ ጨርቅ የተቦጫጨቀ ክሬፕ የሚሉት ስስ ቂጣ። አብዛኞቻችሁ "ሞያ የለኝም" ብላችሁ ነው የምትጀምሩት። ይሄን ነገር አልቀበልም። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ እያየ ያደገ ሰው የፓንኬክን ግማሽ ትምህርት ጨርሷል፤ የቀረው ልኩና እሳቱ ነው። ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። እንግዲህ ወደ ጥያቄው።

ዱባይ አምስት ዓመት ስሠራ የምታወቀው በፓንኬክ ነበር፤ የቤቱ ልጆች ከኔ እጅ ካልሆነ አይበሉም። አሁን አገሬ ገብቼ በዚያው ልክ ብሠራው መጀመሪያ ኩፍ ይላል፣ ከዚያ መሃሉ ይሰምጣል፣ ሲበላም ደረቅ ነው። ዱቄቱ ነው ወይስ እጄ ተበላሸ? (ከአዲስ አበባ)

እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ዱቄቱም ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። የተለወጠው ከፍታው ነው። ዱባይ ከባሕሩ እኩል ናት ማለት ይቻላል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ በአንዴ ይነፋና ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር ይፈነዳል። ከዚያ ስምጥ። ውሃም እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ ድርቀቱ የመጣው ከዚያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሺ፣ ወተቱን ትንሽ ጨምሪ። እኔ እዚህ የምጠቀመው 1 ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ከሩብ ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀልጦ የበረደ የገበታ ቅቤ ወይም ዘይት ነው። ሊጡ ከወፈረብሽ እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሪበት። እንቁላል ስል የፈረንጁን ነው። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ ሁለት የፈረንጅ በሚልበት ቦታ እኔ ሦስት የሀበሻ አደርጋለሁ፣ ጣዕሙማ የሀበሻው ይበልጣል።

ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ ቀላቅለሽ በመጨረሻ አገናኛቸው። እና እዚህ ላይ እናቶቻችን ያስተማሩንን መርሳት አለብሽ። ሊጥ ጓል እንዳይኖረው ተብሎ እስኪታክተን ነው የምንመታው፣ ፓንኬክ ግን ከጥቂት ጓል ጋር ይሻላል። የስንዴ ዱቄት በእርጥብ በተመታ ቁጥር እንደ ማስቲካ የሚሳብ ነገር ያበጃል፤ ለዳቦ እሰየው፣ ለፓንኬክ ግን ጎማ። ደረቅ ዱቄት መታየት ሲያቆም ማማሰያውን አስቀምጪ። አምስት ደቂቃ ይረፍ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ላዩ ዓይን ሲያወጣ አትቸኩዪ፣ የፈነዳው ዓይን ተመልሶ ሳይደፈን ክፍት ሆኖ ሲቀርና ጠርዙ ማብረቅረቁን ሲያቆም ያኔ ገልብጪው። አንዴ ብቻ። ከገለበጥሽ በኋላ ደግሞ በመገልበጫው አትጫኚው፣ እባክሽ፣ ስንት የለፋሽበትን አየር ነው የምታስወጪው።

ቤኪንግ ፓውደር አልቆብኝ ቤኪንግ ሶዳ አለኝ። ያው አይደለም እንዴ? (ከሐዋሳ)

አይደለም! ይሄን በደንብ የማውቀው አንድ ጊዜ ለእንግዳ በልበ ሙሉነት ሁለት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አድርጌ ስላቀረብኩ ነው። መልኩ ቡናማ፣ የሚያምር። ጣዕሙ ሳሙና። እንግዳዬ ጨዋ ሰው ስለነበሩ አንዱን ጨርሰው "በጣም ጠግቤያለሁ" አሉ።

ሶዳ ብቻውን አይሠራም፣ የሚያነሳሳው ጎምዛዛ ነገር ይፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ጎምዛዛው አብሮ ታሽጓል። ስለዚህ ሶዳ ብቻ ካለህ ወተቱን በእርጎ ወይም በአሬራ ቀይርና ለ1 ኩባያ እርጎ ወይም አሬራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል። እንዲያውም ይሄኛው ይጣፍጣል። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ በተርሚልክ እየተባለ በካርቶን የሚሸጠው፣ የፓንኬክ ወዳጆች የሚምሉበት፣ የኛው አሬራ ዘመድ ነው።

የሱቁ ቤኪንግ ፓውደር መክረሙንም ከጠረጠርክ ከፓውደሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አንስተህ ሙቅ ውሃ ላይ ጣል። ወዲያው ከተፍለቀለቀ ደህና ነው፤ ዝም ካለ ጣለው።

የመጀመሪያው ፓንኬክ ሁሌ ለምን ይበላሻል?

የምጣድ ማሟሻ ነዋ! መጥበሻው ገና እኩል አልጋለም፣ ቅባቱም አንድ ቦታ ተጠራቅሟል። ዘይቱን በጨርቅ ወይም በሶፍት ጠረግ አድርጊውና ቀጭን ቅባት ብቻ ይቅር። ማሟሻውን ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ እያንዳንዱ ቤት አለ።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። የልጅ ልጆቼ ከአሜሪካ ሊመጡ ነው። እናታቸው ፓንኬክ ካልሆነ ቁርስ አይበሉም ትላለች። መጥበሻዬ ትንሽ ናት፣ በእንጀራ ምጣዴ ላይ አራት አምስቱን በአንዴ ብጋግረው ምን ይለኛል? (ከባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይመስገን እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ይቻላል፣ ግን አልመክርዎትም። የሸክላ ምጣድ ስንት ቀን ተሟሽቶ፣ በጎመን ዘር ታሽቶ ነው እንጀራ የሚያወጣው። ስኳርና ወተት ያለበት ሊጥ ካረፈበት ስኳሩ ያርርና ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ እንጀራዎ መጣበቅ ቢጀምር የሚወቀሰው ማን ነው? እኔ ነኝ። ለምጣድዎ ቢሳሱ ይሻላል።

መጥበሻዋ ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም። የተጋገረውን በንጹሕ ፎጣ ሸፍነው ያቆዩት ወይም በአክምባሎ ይድፉበት፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሊጡን ማታ አያቡኩት፣ ጠዋት ነው የሚሻለው፣ እንደ እንጀራ ሊጥ ባደረ ቁጥር የሚሻሻል ነገር አይደለም። ደረቁን ግን ማታ ለክተው ቢያስቀምጡ ጠዋት ይቀልዎታል።

አሜሪካ ያለችው ልጅዎ ምናልባት በክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግር ይሆናል። ብዙ ሀበሻ እንጀራ የሚጋግርባት ያቺ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራችው ኖርዌዮች ሌፍሰ ለሚሉት የድንች ቂጣ ነው። እሷ ላይ ፓንኬክ ቢጋገር ምንም አትሆንም፣ የማታጣብቅ ከሆነች። የሸክላው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

በጾም ሰሞን ልጆቼ ፓንኬክ ይላሉ። ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት እንዴት ይሆናል? ሙዝ ሞከርኩ፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። (ከአዳማ)

ሙዝ ይከብዳል፣ እኔም አልወደውም። ከጓዳሽ ተልባ አውጪ። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ ብትተዪው እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል፣ አንድ እንቁላል ይተካል። ያልተቆላው ይሻላል፣ የተቆላው የተልባ ሽታው ጎልቶ ይወጣል።

በወተት ፋንታ የሱፍ ወተት መልካም ነው። ግን እኔ በጣም የምወደው አምቦ ውሃ ነው። አዎ፣ የምንጠጣው አምቦ። ጋዙ ሊጡን ያነሳዋል። ከላይ ባለው ልክ ወተቱን በአምቦ፣ እንቁላሉን በተልባ፣ ቅቤውን በዘይት ተኪ፣ አምቦው ራሱ ጨው ጨው ስለሚል ጨውን ተይው። አምቦው የሚገባው በመጨረሻ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አማስለሽ ወዲያው መጥበሻ ላይ። ስልክ ለማንሳት ከሄድሽ ጋዙ ሄዷል።

በነገራችን ላይ እንግሊዞች ዐቢይ ጾማቸው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ያለውን ማክሰኞ የፓንኬክ ቀን ይሉታል። ነገሩ የተጀመረው ቤት ውስጥ የቀረውን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ከጾሙ በፊት ለመጨረስ ነው። የኛ ቅበላ በሥጋ፣ የነሱ ቅበላ በፓንኬክ።

የዋፍል ማሽን ገዛሁ። ስከፍተው ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ተጣብቆ ይቀራል። የወጣልኝ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ልፍስፍስ ይላል። (ከአዲስ አበባ)

ቸኩለህ ነው የምትከፍተው። መብራቱ ወደ አረንጓዴ ቢቀየርም አትመነው፣ እንፋሎቱን እይ። ከጎን የሚወጣው እንፋሎት ሊጠፋ እስኪቃረብ ዋፍሉ ገና ነው። ክዳኑን ስትሞክረው እምቢ ካለህም አትታገለው፣ አንድ ደቂቃ ጨምርለት፣ ራሱ ይለቅሃል።

ሊጡም የፓንኬክ ሊጥ ከሆነ ይጣበቃል። ዋፍል ቅባት ይፈልጋል። ዘይቱን ወይም ቅቤውን ከ2 ወደ 5 የሾርባ ማንኪያ አሳድገው፣ እንቁላሉን ሁለት አድርገህ ነጩን ለብቻ አረፋ እስኪሆን ምታና በመጨረሻ በቀስታ ቀላቅለው። ከዱቄቱ 2 የሾርባ ማንኪያ አንስተህ በኮርን ስታርች ብትተካው ከር ከር ይልልሃል። ስኳር አታብዛ፣ የሚጣበቀው ስኳሩ ነው።

ልፍስፍስ የሚለው ደግሞ ሰሃን ላይ ስለምትደራርበው ነው። የራሱ እንፋሎት ያርሰዋል። ሽቦ ላይ ለየብቻ አስቀምጠው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሊጡን አትድፋው፣ ጋዝ ላይ መጥበሻ ጥደህ ፓንኬክ አድርገው። እኔ ቤት ከሦስቱ ዋፍል አንዱ መጨረሻው እንዲህ ነው።

በጤፍ ክሬፕ ይሠራል? ስንዴ ስለማይስማማኝ ነው። ሞክሬ ስገለብጠው ይቦጫጨቃል፣ ባለቤቴ ደግሞ "ይሄማ ያልቦካ እንጀራ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ባለቤትሽ ብዙም አልተሳሳተም። ግን ፈረንሳይ ውስጥ ብሪታኒ የሚባል አገር ሰዎች ስንዴ ካልሆነ፣ ጠቆር ካለ ባክዊት ከሚባል ዘር ጋሌት የሚሉትን ስስ ቂጣ ጋግረው፣ እንቁላልና ቺዝ አድርገውበት፣ አራቱን ጠርዝ አጥፈው ይበላሉ። የማንም ሰው ባል አይስቅባቸውም።

ጤፍም እንደ ባክዊት ግሉተን፣ ማለትም ያ እንደ ማስቲካ የሚሳበው የስንዴ ነገር፣ የለውም። የሚቦጫጨቀው ለዚህ ነው፣ አንድ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ያንን ሥራ እንቁላል ይሥራልሽ። ለ1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት 3 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ከሩብ ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው። ስንዴ የሚስማማቸው ሰዎች ግማሽ ጤፍ ግማሽ ፉርኖ ቢያደርጉ በ2 እንቁላል ይበቃቸዋል። ክሬፕ ላይ እንደ ፓንኬኩ ጓል የለም፣ በደንብ በጥብጪው፣ ካስፈለገም አጥልዪው። ከዚያ አንድ ሰዓት ይረፍ። ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ አረፋውም ይወጣል፣ ሳያርፍ የተጋገረ ክሬፕ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ጤፍ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በእያንዳንዱ ጭልፋ አማስዪው። ውፍረቱ ከእንጀራ ሊጥ ቀጠን ይበል።

አንድ እጅሽ የለመደውን ደግሞ ተይ። እንጀራ ስንጋግር ከዳር ጀምረን እያዞርን ወደ መሃል ነው። ክሬፕ ተቃራኒው ነው፦ መሃል ላይ ታፈሺና መጥበሻውን ራሱን እያጋደልሽ ወደ ዳር ታስኬጂዋለሽ፣ ፈጠን ብለሽ። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲነሳ ገልብጪ። ፈረንሳዮች የካቲት ወር በገባ በሁለተኛው ቀን፣ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሻንደለር ለሚሉት በዓል ክሬፕ ሲገለብጡ በሌላው እጃቸው ሳንቲም ይይዛሉ። ሳይወድቅ ከተገለበጠ ዓመቱን ገንዘብ አይቸግርም ይባላል። እኔ በመገልበጫ ነው የምገለብጠው፣ ለዚህ ይሆናል።

ስንዴ የማይስማማሽ በሐኪም ተነግሮሽ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በዪ። ከአገር ቤት የሚላክልሽ ጤፍ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ሊሆን ይችላል፣ እዚያው ወፍጮ ላይ ስንዴና ገብስም ይፈጫል። ቅሪቱ ይቀላቀላል። ከግሉተን ነጻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን እሽግ ግዢ።

ሜፕል ሲረፕ እዚህ እንደ ወርቅ ነው። ምን ልተካው?

ውድነቱ ያለ ነገር አይደለም፣ አንድ ሊትር ለማግኘት ወደ 40 ሊትር የዛፍ ፈሳሽ ይቀቀላል። ርካሹን ካየሽ ጀርባውን አንብቢ፣ ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስኳር ውሃ ሽታ ተጨምሮበት ነው። እኔ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር በ1 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አቅጥኜ ብርቱካን እጨምቅበታለሁ፣ ካለኝም ልጣጩን በትንሹ እፈገፍግበታለሁ። አታፍዪው፣ የማሩ ሽታ ይሄዳል። ማር ያለበት አገር ተቀምጠን ስለ ሜፕል ማልቀስ ትንሽ ያሳፍራል።