ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ ወደ ዕቃው ሂዱ

ወደ ክሬንና ሆይስት (ዕቃ ወደ ላይ ማንሻ ማሽን) ሥራ ለምትገቡ ልጆቼ፣

ሰርተፊኬት የሚመሰክረው መሣሪያው በተመረመረበት ቀን ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው። በማግስቱ ገመዱ ከፑሊው (ከሚዞርበት ጎድጓዳ ጎማ) ወጥቶ ቢጨፈለቅ ወረቀቱ ያው ነው። ስለዚህ ፋይል ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ወደ ዕቃው ይዛችሁት ሂዱ። ሻክሉ (ጭነት ማያያዣው የብረት ቀለበት) ላይ የተመታው መለያ ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ ነው? የተፈቀደው ጭነትስ ይስማማል? ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ታርጋው የወለቀ ስሊንግ (ጭነቱን ከመንጠቆው ጋር የሚያያይዝ ማንጠልጠያ) ካጋጠማችሁ ሰርተፊኬት እንደሌለው ቁጠሩት፤ ወረቀቱ የእሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለምና።

የምርመራው ጊዜ እንደየአገሩ ደንብ ይለያያል። የብሪታንያ የ1998ቱ ደንብ፣ ሌላ የምርመራ ዕቅድ ካልወጣ በቀር፣ ሰው የሚያነሱ መሣሪያዎችና እንደ ሰንሰለት፣ ሻክልና ስሊንግ ያሉ ማንጠልጠያዎች በየ6 ወሩ፣ ሌሎቹ በየ12 ወሩ እንዲመረመሩ ያዛል። ቀኑ ሳይደርስም ከአቅም በላይ ከተጫነ፣ ዋና ክፍሉ ከተጠገነ ወይም ማሽኑ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ከተተከለ ሥራ ሳይጀምር እንደገና ይመርመር። መርማሪው ጥገናውን የሠራው ሰው ራሱ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሰው የገዛ ሥራውን ጉድለት ማየት ይከብደዋል።

«በፈተና ከተፈቀደው ጭነት 125 በመቶ ተጭኖ አልፏል» ስትባሉ ምርመራው ያለቀ አይምሰላችሁ። ስንጥቅ የጀመረው መንጠቆ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ ፈተናው ራሱም ስንጥቁን ሊያሰፋው ይችላል። ከፈተናው በፊትም በኋላም መንጠቆው በደንብ ተጠርጎ ይታይ።

የብረት ገመድ ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ማሽኑን አቁሙ፣ የቆዳ ጓንት አድርጉ፣ በሚንቀሳቀስ ገመድ ላይ እጃችሁን በፍጹም አታሳርፉ። ቆሻሻውንና የደረቀውን ቅባት ጥረጉ፤ ሥሩ ያለ የተበጠሰ ሽቦ አይታይም። ገመዱ የተሠራው በእምብርቱ ዙሪያ ከተጠመዘዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ከሆኑ ጉንጉኖች ነው። ውፍረቱን በካሊፐር (ባለ መንጋጋ መለኪያ) ስትለኩ መንጋጋው ጉንጉኖቹ ጎልተው በወጡበት አናት ላይ ይረፍ፤ በመካከላቸው ያለውን ስርጉድ ከያዘ ልኩ አንሶ ያሳስታችኋል። የአሜሪካ የክሬን ደንብ ዲያሜትሩ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ገመድ እንዲወገድ ይላል። ለ16 ሚሊ ሜትር ገመድ ይህ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ15.2 በታች ከሆነ ያበቃለታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድንገት ከቀጠነ ውስጡ ያለው እምብርት ተበላሽቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ የተበጠሱ ሽቦዎችን ቁጠሩ። መለኪያው አንድ ጉንጉን ገመዱን አንዴ ዞሮ የሚጨርስበት ርዝመት ነው። በዚያው ደንብ መሠረት በፑሊ ላይ በሚመላለስ ተራ ገመድ ላይ በዚህ ርዝመት ውስጥ 6 የተበጠሱ ሽቦዎች፣ ወይም በአንድ ጉንጉን ላይ ብቻ 3 ከተገኙ ገመዱ ከሥራ ይወጣል። እንዳይሽከረከር ተደርጎ የተሠራ ገመድ ከዚህም የጠበቀ መስፈርት አለው።

የት እንደምታዩም ልንገራችሁ። ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ አንዱ ዙር በሌላው ላይ የሚሻገርበትን ቦታና የገመዱን ማሰሪያ ጫፍ ብዙ ሰው ያስታውሳል። የሚዘለለው ማመጣጠኛ ፑሊው፣ ማለትም በገመዱ ሁለት ወገን ያለውን ጫና እኩል የሚያደርገው ነው። እዚያ ያለው ገመድ የቆመ ይመስላል፤ ግን ጥቂት ወዲያ ወዲህ እያለ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ይተጣጠፋል፣ እርጥበትም ይቋጥራል። ከፑሊው ላይ አንሥታችሁ የውስጥ በኩሉን ተመልከቱ።

ሌላው የሚዘነጋው ማዕዘን ነው። ታርጋው ላይ 1 ቶን የሚለው ስሊንጉ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ነው። 2 ቶን ጭነት በሁለት ስሊንግ ስታነሱ ከአግድም መስመር 60 ዲግሪ ከሆኑ እያንዳንዱ ወደ 1.155 ቶን ይሸከማል፤ 30 ዲግሪ ድረስ ከተዘረጉ እያንዳንዱ 2 ቶን። ሰርተፊኬቱ ያልጠፋበት፣ ቀኑም ያላለፈበት ስሊንግ በዚህ ምክንያት ይበጠሳል። ረዘም ያለ ስሊንግ ፈልጉ።

በምርመራ የወደቀ ዕቃ ጥግ ላይ አይቀመጥ። ሥራ ሲበረታ «ለአንዴ ብቻ» የሚል አለቃ ይመጣል፤ እናንተም እሺ ለማለት ትፈተናላችሁ። ስሊንጉን ከመካከሉ፣ ገመዱንም ለማሰሪያ እንኳ በማያገለግል መጠን ቆራርጡት። ከዚያ መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የወደቀበትን ምክንያት መዝገቡ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ።